ሮዝ የሆነውን ቀይ ሚያታ ወደ ቀይነቱ መመለስ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ1991 ቀይ ማዝዳ ሚያታ ከጎረቤቴ ገዛሁ። ሞተሩ በደንብ ይሠራል፤ ነገር ግን ስድስት ዓመት ያህል ዛፍ ሥር ቆሞ ስለነበር ኮፈኑና የኋላ ክዳኑ ሮዝ ሆነዋል፤ ሲነኩትም እጅ ላይ ቀይ ዱቄት ይቀራል። የዛፍ ሙጫና የወፍ ኩስ ሞልቶበታል፤ በበሮቹና በመስኮቶቹ ዙሪያ ባሉት የጎማ ማሸጊያዎች ላይም አረንጓዴ ሽበት በቅሏል። የፊት ፓራውልቱ ደግሞ እየተላጠ ነው። አንድ የቀለም ቤት ‹ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ካልተቀባ ተስፋ የለውም› ብሎኛል። እውነት ነው? በራሴ እጅ ላድነው እችላለሁ?»

ምላሽ፦

ከፊት ፓራውልቱ በስተቀር መኪናዎ የሚድን ይመስለኛል። ይህን እንድል ያደረገኝም የቀለም ቤቱን ተስፋ ያስቆረጠው ያው ምልክት፣ ማለትም እጅዎ ላይ የሚቀረው ቀይ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ቀይ መሆኑ የሚነግረን ፀሐይ የበላችው የራሱን የቀለሙን የላይኛ ገጽ መሆኑን ነው፤ የላይኛው ገጽ ሲሞት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያልተነካ ቀለም ይኖራል። ዋናው ነገር ምን ያህል ቀርቷል የሚለው ነውና ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የቀረውን ሳያባክኑ ስለሚሠሩበት መንገድ ነው።

በዛሬ ጊዜ የሚመረቱ መኪኖች አብዛኞቹ ከታች መልክ የሚሰጥ ቀለም፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባል መልክ የሌለው ጥርት ያለ ንጣፍ ይቀባሉ። ፀሐይም ዝናብም የሚያርፉት በክሊሩ ላይ ነው። ክሊር ሲያረጅ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም እንደ ሽንኩርት ቅርፊት እየተላጠ ይነሣል፤ እዚህ ደረጃ የደረሰን ክሊር የሚመልስ ፖሊሽ የለም። በእርስዎ መኪና ዘመን ማዝዳ «ክላሲክ ሬድ» ብሎ የሰየመው፣ የቀለም መለያው ኤስዩ የሆነው ቀይ ግን ክሊር ያልተደረበበት፣ መልኩም አንጸባራቂነቱም በአንድ ንጣፍ ውስጥ የተዋሐዱበት ቀለም ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የቀለሙን ቅንጣቶች አያይዞ የሚይዘውን ሙጫ ከላይ ከላይ ሲሰባብረው ቅንጣቶቹ ተለቅቀው ዱቄት ይሆናሉ፤ ገጹም በዓይን የማይታዩ ሸካራ ጉድጓዶች ይሞሉታል። ሸካራ ገጽ ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትን ነጭ ጭጋግ በቀዩ ላይ ይደረባል፤ እኛም ሮዝ ብለን የምናየው ይህንኑ ነው። ደረቅ የወንዝ ድንጋይ ግራጫ መስሎ ውሃ ሲነካው ግን እውነተኛ መልኩ ብቅ እንደሚል አስተውለው ከሆነ ነገሩ ከዚያ ብዙም አይለይም።

የሆነ ሆኖ መኪናው ከ30 ዓመት በላይ የኖረ ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል ፋብሪካ የቀባው መሆኑን በግምት ማለፍ የለብዎትም። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ጥቂት ፖሊሽ አድርገው ከእያንዳንዱ ክፍል ብዙ በማይታይ ቦታ ላይ በቀስታ ይሹት። ጨርቁ ከቀላ ቀለሙ ክሊር የለውም፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ወይም ትንሽ ብቻ ካደፈ ክሊር አለው። በሮቹን፣ ፓራፋንጎዎቹን፣ ኮፈኑን፣ ሁለቱንም ፓራውልቶች ለየብቻ ይፈትኑ። የፊት ፓራውልቱ መላጡ ከወዲሁ የሚያስጠረጥረኝ አንድ ቀን ተጋጭቶ ወይም ተጭሮ ክሊር ባለው ቀለም እንደገና የተቀባ መሆኑን ነው፤ መላጥ በአብዛኛው የክሊር በሽታ ነውና።

ቀጥሎ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዋሱ ወይም ይግዙ። ፋብሪካ የቀባው ቀለም ከነፕራይመሩ፣ ማለትም ከሥሩ ከሚቀባው መሠረት ጋር፣ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ ይህም ከአንድ ሉክ ወረቀት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። እርስዎ የሚሠሩበት ደግሞ ይህ ሁሉ ሳይሆን ከፕራይመሩ በላይ ያለው ቀይ ንጣፍ ብቻ ነው። በዚህ መኪና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፤ የሚያታ ኮፈን አሉሚኒየም ስለሆነ በማግኔት ብቻ የሚሠሩት ርካሽ መለኪያዎች እዚያ ላይ ምንም አያነቡም፤ ሰውም «ስቱኮ ተሞልቶበታል» ብሎ በከንቱ ይደነግጣል። አሉሚኒየም ላይም የሚያነብ መለኪያ ያስፈልግዎታል። ፓራውልቶቹ ፕላስቲክ ስለሆኑ ግን ሁለቱም አይሠሩላቸውም። ከ300 ማይክሮን በላይ ካነበበ ክፍሉ እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው፤ ከ1000 በላይ ከሆነ ስቱኮ አለበት ብለው ይጠርጥሩ። ከ80 በታች የሚያነብ ቦታ ካገኙ ቀደም ሲል ሌላ ሰው በማሽን የፋቀው ሊሆን ስለሚችል እዚያ ቦታ ላይ በእጅ ብቻ ይሥሩ።

ውሃ ከማፍሰስዎ በፊት አንድ ከቀለም ጋር የማይገናኝ የሚመስል፣ ነገር ግን መኪናውን ሊገድል የሚችል ነገር ይመልከቱ። ከሚታጠፈው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች በኩል ወደ ታች ይፈስሳል። ዛፍ ሥር ስድስት ዓመት በቆመ መኪና እነዚህ ቀዳዳዎች በቅጠል ብስባሽ መደፈናቸው አይቀርም፤ ሲደፈኑ ውሃው ከበሩ ሥር ወዳለው የብረት ገንዳ ይገባና ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። ቀዳዳውን በሽቦ አይውጉት፣ ቱቦውን ሊበሱት ይችላሉ፤ ወፍራም የሣር ማጨጃ ናይለን ክር በቂ ነው። ከዚያ በብርጭቆ ውሃ ቀስ ብለው ያፍስሱና ከመኪናው ሥር መውጣቱን ያረጋግጡ። ከበሩ በታች፣ በተለይ ወደ ኋላ ጎማው በተጠጋው በኩል፣ ቀለሙ አረፋ እንደያዘ ሆኖ ካበጠ ከውስጥ ዝጎ ጨርሷልና ከፖሊሽ በፊት ባትላሜራ ያሳዩት። ከሥሩ የበሰበሰ መኪና ላይ ሦስት ቀን ፖሊሽ የሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ያ ሰው እኔው ራሴ ነኝ።

እጥበቱ በጥላ ሥር፣ ብረቱ ሲነካ ቀዝቃዛ በሆነበት ሰዓት ይሁን። በእናንተ አካባቢ በሚያዝያ የዛፍ ብናኝ ሁሉን ነገር ቢጫ ስለሚያደርገው ይህን ሥራ ለመስከረም መጨረሻ ወይም ለጥቅምት ቢያቆዩት እመርጣለሁ። ለጥቃቅኑ ክፍል ሁሉ መድረስ እንዲችሉ የተደበቁትን የፊት መብራቶች በዳሽቦርዱ ላይ ባለው ቁልፍ ከፍ ያድርጓቸው። ጥሩነቱ መብራቶቹ መስተዋት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተከድነው ስለሚኖሩ እንደ አዳዲሶቹ መኪኖች የፕላስቲክ መብራት አይቢጫጩም። በመጀመሪያ ያለ ጨርቅ፣ በውሃ ግፊትና በአረፋ ብቻ የሚወርደው ይውረድ፤ ጣሪያውና የኋላው ፕላስቲክ መስኮት አጠገብ ግን ግፊቱን ያርቁ። ከዚያ ሁለት ባልዲ ይያዙ፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው የማጠቢያ ጓንቱን ለማለቅለቅ። ከላይ ወደ ታች እየታጠበ ይወርዳል፤ ከበር ሥር ያለውን ጭቃ የነካ ጓንት ወደ ኮፈኑ መመለስ የለበትም። ላቫጆ ቤት ውስጥ ሥራ የጀመርኩበት ጊዜ አንዱን ጨርቅ ከቸርኬ እስከ ጣሪያ እናዞረው ነበር፤ ዛሬ በየመኪናው ላይ በፀሐይ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት የሚመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ነው። ሽበቱን በሞቀ የሳሙና ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ከጎማ ማሸጊያዎቹ ያስለቅቁት፤ በቢላ ወይም በጥፍር አይፋቁት።

የዛፉ ሙጫ በሳሙና አይለቅም። ጨርቅ ላይ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረው ሙጫው ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት፤ ሲለሰልስ ያንሱት፤ ካልለቀቀ ይደግሙታል እንጂ አይሹትም። ደርቆ የከረመ የወፍ ኩስም እንዲሁ እርጥብ ጨርቅ ተደርቦበት መለስለስ አለበት፤ ውስጡ አሸዋ ስላለው ደረቁን መሸት ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደመሸት ነው። ከፍሬን የሚረጨውን የብረት ብናኝ የሚያሟሙት ፈሳሾች ብናኙን ሲያገኙ ወደ ወይን ጠጅነት ይቀየራሉ፤ ሽታቸው እንደ በሰበሰ እንቁላል ነው። በተለይ ለቸርኬዎቹ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ሳይደርቁ መታጠብ አለባቸው። ለቸርኬ ተብለው የሚሸጡትን አሲድ ያለባቸውን ማጠቢያዎች አሉሚኒየም ላይ አያስጠጉ።

እጅዎን ቀጭን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገው የታጠበውን ገጽ ቢዳስሱት የቀረው ቆሻሻ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሰማዎታል። ለእሱ ክሌይ የሚባለው፣ የሚለጠጥ ሸክላ የመሰለ ነገር አለ፤ በብዙ የሳሙና ውሃ እየተንሸራተተ ቆሻሻውን ነቅሎ ይወስዳል። ክሊር በሌለው በእርስዎ ቀለም ላይ ክሌዩ ቀይ ይሆናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ቀለል አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ይለፉበት፤ መሬት ከወደቀም ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ይጣሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወዲያው የፖሊሽ ማሽኑን ያነሣና ጠንከር ያለ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ቀለሙን የሚፈጭ ሻካራ ፖሊሽ፣ ይይዛል። እኔ ግን አስቀድሜ ቀለሙን ቅባት አጠጣዋለሁ። የደረቀ ቀለም በኮምፓውንድ ሲፈጭ እንደ ደረቅ ኖራ ስለሚቦንን ከሚያስፈልገው በላይ ይነሣል፤ ቅባት የጠገበው ግን ለስልሶ በትንሽ ሥራ ይመለሳል። ለዚህ ሥራ በሞያው ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው ሚጓየርስ ቁጥር 7 የሚባለው ግሌዝ ነው፤ ኩባንያው በ1901 የተመሠረተው ለቤት ዕቃ በሚሆን ፖሊሽ ነበር፤ ይህም ፈሳሽ የሚያስታውሰን እንጨትን በዘይት የማሸቱን የቆየ ጥበብ ነው። መፍጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛው ቅባት ነው። ወፍራም የጥጥ ፎጣ ላይ ያለ ስስት ያፍስሱና ኮፈኑን በእጅዎ በደንብ ይሹት፤ ፎጣው ደም የነካው እስኪመስል ይቀላል፤ የሞተው ቀለም እየወጣ ነውና አይደንግጡ። ከዚያ ሌላ ወፍራም ንጣፍ ቀብተው ሳይጠርጉ ሌሊቱን ያሳድሩት። በማግስቱ ሲጠርጉት ቀይነቱ ሲመለስ ያያሉ። በጣም የደረቀው ቦታ ሙሉ በሙሉ ስለሚጠጣው ለሁለተኛ ሌሊትም ሊደገም ይችላል። ቅባቱ ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ግን ልብ ይበሉ፤ በጥቂት ዝናብ ታጥቦ ይሄድና ጭጋጉ ይመለሳል፤ ሥራው ቀለሙን ለቀጣዩ ደረጃ ማዘጋጀት ነው።

ማሽኑን በተመለከተ እየተሽከረከረ ወዲያና ወዲህም የሚወዛወዘውን፣ ዲኤ የሚባለውን ዓይነት ይያዙ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከረው ሮታሪ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ከቆመ ያቃጥላል። በሞያው ሁለት ዓመት ካስቆጠርኩ በኋላ፣ «አሁንስ ለመድኩት» ባልኩበት ሰሞን፣ የአንድ ደንበኛን ፓራፋንጎ ጠርዝ በሮታሪ እስከ ፕራይመሩ ወስጄ በራሴ ገንዘብ አስቀብቻለሁ። በጠርዝና በታጠፈ መስመር ላይ ቀለም ሲቀባም ይሳሳል፤ ማሽኑም ግፊቱን ሁሉ እዚያ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ የመብራት ክዳኖቹን ጠርዝ፣ የኮፈኑን ዳርና የበሮቹን ጫፍ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኗቸው፤ በመጨረሻ ላይ ፕላስተሩን አንሥተው በእጅ ይጨርሷቸው።

ከሁሉ በፊት ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ይከልሉና ይሞክሩ። ሙከራው በለስላሳ ስፖንጅና በማጠናቀቂያ ፖሊሽ ይጀመር፤ ያ ካልበቃ ብቻ ወደ መካከለኛው ይሂዱ፤ ኮምፓውንድና በስፖንጁ ፋንታ የሚገጠመው ሱፍ የመጨረሻ አማራጭ ናቸው። ሦስት ወይም አራት አተር የሚያህል ጠብታ ስፖንጁ ላይ ያድርጉ፤ ማሽኑን ሳይከፍቱ ቦታውን ይቀቡት፤ ከዚያ በመካከለኛ ፍጥነት መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ እየደረበ ቀስ ብለው ይጓዙ። አራት ዙር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ስፖንጁ በሞተ ቀለም ስለሚሞላ በየቦታው መጨረሻ ላይ በብሩሽ ያጽዱት፤ ሳይጸዳ ከቀጠለ ዱቄቱን መልሶ ከቀለሙ ጋር ይፈጫል። ለአንድ መኪና ስድስት ወይም ሰባት ስፖንጅ ቢያዘጋጁ አያባክኑም። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል ያድርጉ። የኋላውን ፓራውልት ሲሠሩ ፍጥነቱን ይቀንሱ፤ ፕላስቲክ ሙቀቱን እንደ ብረት ስለማያስተላልፍ ቶሎ ይግላል።

በሙከራው ላይ ቀዩ ጠልቆና ጥርት ብሎ ከወጣ እዚያው ያቁሙ። አንዳንድ ጭረት ይቀራል፤ የወፍ ኩስ አሲድ የበላቸው ቦታዎችም ጥላቸው ይታያል። እነሱን ጨርሶ ለማጥፋት እስከ ታች መውረድ ይጠይቃል፤ የ1991 ቀለም ላይ ያን ማድረግ ደግሞ የሚቀጥሉትን ሃያ ዓመታት ቀለም ለአንድ ቀን መስተዋትነት መለወጥ ይሆናል። የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከሩ መፋቅን ብዙ ሰው በቪዲዮ አይቶ ይመኘዋል፤ እርስዎ አያድርጉት። ግራጫ ወይም ነጭ ነገር ብቅ ካለ ፕራይመር ነው፤ በዚያ ቦታ ሥራው አብቅቷል።

የሚታጠፈው ጣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ቪኒል፣ ማለትም ፕላስቲክ የተለበጠ ጨርቅ፣ ስለሆነ በለስላሳ ብሩሽና ለዚሁ በሚሆን ሳሙና ይታጠብ፤ ከደረቀ በኋላም አልትራቫዮሌት የሚከላከል ቅባት ይቀባ፤ የሚያብለጨልጭ ዘይት አይሁን። የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ከሆነ አሞኒያ ያለበትን የመስተዋት ማጽጃ አያስነኩት፤ ያደርቀውና ያሰነጥቀዋል። ጭጋጉ በፕላስቲክ ፖሊሽ በእጅ ሲታሽ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። ጣሪያውን ሲያጥፉ አስቀድመው የመስኮቱን ዚፕ ከፍተው ጠፍጣፋ አድርገው ያስተኙት፤ ብዙዎቹ መስኮቶች የሚሞቱት በዚህ ስንፍና ነው።

ለጥበቃ ሴራሚክ የሚባለውን ጠንካራ መከላከያ ሽፋን እንዲያስቀቡ የሚገፋፋዎት ሰው አይጠፋም። ሴራሚክ በክሊር ላይ መልካም ነገር ነው፤ ሆኖም እንዲይዝ ገጹ ከማንኛውም ቅባት መጽዳት አለበት፤ እኛ ደግሞ ይህን ቀለም ያዳንነው በቅባት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓመት ጥሩ የካርናውባ ሰም ወይም ሰው ሠራሽ ማሸጊያ እመርጣለሁ። ሰሙ በስሱ ይቀባል፤ ወፍራም ሰም ለመጥረግ ከማስቸገሩ በቀር ትርፍ የለውም። መኪናው ውጭ የሚያድር ከሆነ በየሁለት ወሩ ይደገም፤ ውሃ ኮፈኑ ላይ ድቡልቡል መሆኑን ሲተውና ተዘርግቶ ሲተኛ ጊዜው መድረሱን ያውቃሉ። ከዛፉ ሥር ማውጣቱን መቼም አልነግርዎትም።

የቀረው የፊት ፓራውልቱ ነው። እሱን የቀለም ቤቱ ይቀባዋል፤ የተላጠው ክሊር ተፍቆ፣ ለፕላስቲክ የሚሆን ፕራይመር ተሰጥቶት፣ ተጣጣፊነት የሚሰጠው ነገር ተጨምሮበት መቀባት አለበት። ቀድመው ግን እንዳይወስዱት፤ መኪናው ሮዝ ሆኖ ሳለ ከወሰዱት ባለሙያው ቀለሙን የሚያመሳስለው ከሮዙ ጋር ነው፤ እርስዎ ኮፈኑን ሲመልሱት ደግሞ ፓራውልቱ ብቻውን ገርጥቶ ይቀራል። የፋብሪካውን መለያ ቁጥር ብቻ ይዞ ቢቀባውም 30 ዓመት ፀሐይ የመታው ቀይ ከአዲሱ ቀይ ጋር ልክ አይገጥምም። ስለዚህ ኮፈኑንና ሁለቱን ፓራፋንጎዎች ጨርሰው፣ ሰም ከመቀባትዎ በፊት ይውሰዱት፤ ባለሙያው ናሙናውን ካስተካከለ በኋላም መጀመሪያ በትንሽ ካርድ ላይ ቀብቶ ከፓራፋንጎው ጎን በፀሐይ ብርሃን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት።